ቴሌቪዥን የወሰነለት ፍጥነት

የአፕል 2 ኮምፒውተርን ክዳን ያነሳ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው የጥቋቁር ቺፖች ሰልፍ ነው። ክሪስታሏን የያዘችውን ትንሽ ቆርቆሮ ልብ የሚላት የለም። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን፣ ፕሮሰሰሩም ሜሞሪውም ምስሉም፣ የሚራመደው በእሷ ምት ነው፤ በሰከንድ 14,318,180 ጊዜ ገደማ።

ድፍን 14 ሚሊዮን ምን አነሰው? መልሱ ያለው ኮምፒውተሩ ጋ ሳይሆን ሳሎን ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ጋ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 ባጸደቀችው የቀለም ቴሌቪዥን ደንብ፣ ቀለም የሚጓዝበት ሞገድ በሰከንድ 3,579,545 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ይህን በአራት ሲያባዙት የክሪስታሏ ቁጥር ይመጣል። ስቲቭ ዎዝኒያክ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ የወጣውን ይህን ማሽን ሲነድፍ፣ ለቀለም ብዙ ሰርኪዩት መደርደር አልፈለገም፤ የምስሉን ነጥቦች በዚያው ምት ላካቸው። ነጥቧ ከሞገዱ አንጻር ቀደም ካለች ቴሌቪዥኑ ሐምራዊ፣ ዘግየት ካለች አረንጓዴ ያደርጋታል፤ ወይም በተገላቢጦሹ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲበሩ ነጭ ይሆናሉ።

ጣጣው መስመሩ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር እስኪሳል ፕሮሰሰሩ 65 እርምጃ ይራመዳል፤ አንዱ እርምጃ 14 ምት ነው፣ በጠቅላላው 910። ይህ ለአራት ሲካፈል 227 ተኩል የቀለም ሞገድ ይሆናል። ነገረኛዋ ያቺ ተኩል ናት፦ ቀጣዩ መስመር በግማሽ ሞገድ ተዛንፎ ይጀምርና ከላይ አረንጓዴ የነበረው ከሥሩ ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ ይላል። ዎዝኒያክ ከ65ቱ እርምጃዎች አንዷን በሁለት ምት አስረዘማት፤ ያውም ምስሉን የሚስለው ጨረር ከስክሪኑ ዳር ወጥቶ በሚመለስበት ጊዜ። 912 ለአራት፣ ድፍን 228። ፕሮሰሰሩ በየመስመሩ አንዴ እግሩን ጎተት ያደርጋል፣ አማካይ ፍጥነቱም ከ1.023 ወደ 1.020 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። እኔን ከማሽኑ ሁሉ የምታስገርመኝ ይህች ጉተታ ናት።

ሜሞሪውንም ፕሮሰሰሩና የቪዲዮው ክፍል በፈረቃ ነው የሚጠቀሙበት፤ የጠዋትና የከሰዓት ተማሪዎች አንድ ዴስክ እንደሚጋሩት። በእርምጃው ግማሽ ፕሮሰሰሩ፣ በቀሪው ግማሽ የቪዲዮው ክፍል ይገባል፤ አንዱ ሌላውን አያስጠብቅም። የቪዲዮው ንባብ ደግሞ በዚያው ሜሞሪው የያዘውን እንዳይረሳ ያድሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የመጣው አይቢኤም ፒሲም ይህንኑ የክሪስታል ቁጥር ይዞ ነበር የመጣው። ለሦስት ተካፍሎ የፕሮሰሰሩን 4.77 ሜጋኸርዝ ሰጠ። ለ12 ተካፍሎ ደግሞ ቆጣሪውን አንቀሳቀሰ፤ ቆጣሪው 65,536 በደረሰ ቁጥር ይደውላል፣ በሰከንድ 18.2 ጊዜ ያህል። አረንጓዴ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ስክሪን የገዛ የሂሳብ ቢሮ ሳይቀር፣ የቀኑ ሰዓት የሚቆጠርለት በቀለም ቴሌቪዥን ምት ነበር።