ከዕፀዋት የተገኙ መድኃኒቶችና የመርሳት በሽታ

በካርቱም ከተማ፣ ቡሪ በተባለው ሠፈር ይኖሩ የነበሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት የልጆቻቸውን ስም መርሳት በጀመሩ ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ በየማለዳው ጥቁር አዝሙድ በማር ይሰጣቸው ነበር። ወደ ሐኪም የወሰዷቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ስለ አዝሙዱ የነገረው የለም። «ዕፅ ይህን በሽታ ያድናልን?» የሚለውን ጥያቄ ዕጩ መምህራኖቻችንም ደጋግመው ያቀርቡልናል። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ይህ በሽታ የአንጎልን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይገድላል። ከሚጎዱትም መካከል አሴታይልኮሊን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ይገኛሉ። ይህ ንጥረ ነገር መልእክትን ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው ያደርሳል፤ ሥራውን እንደፈጸመም አንድ ኢንዛይም ይሰባብረዋል። እንግዲህ ኢንዛይሙን መግታት ቢቻል፣ የቀረው ጥቂቱ አሴታይልኮሊን ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል ማለት ነው።

ይህን የሚያደርጉ ውሁዶች በዕፀዋት ውስጥ ተገኝተዋል። አንደኛው ጋላንታሚን ነው። የሶቪየት ኅብረትና የቡልጋሪያ ሊቃውንት በ1950ዎቹ ዓመታት ያጠኑት፣ በበረዶ መካከል ከምታብበው ስኖውድሮፕ ከተባለች ነጭ አበባ ነው። በመጀመሪያ ለነርቭና ለጡንቻ ሕመም ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ2001 በአሜሪካ ለአልዛይመር በሽታ ተፈቀደ። ሁለተኛው ምሳሌ ከአህጉራችን የመጣ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ በካላባር አካባቢ፣ ጥፋተኛውን ለመለየት ሲባል ተከሳሽ እንዲጠጣው ይደረግ የነበረው መርዘኛ ባቄላ ፊዞስቲግሚን የተባለ ውሁድ አለው። የእርሱን ቅርጽ መነሻ በማድረግ በላቦራቶሪ የተሠራው ሪቫስቲግሚን በ2000 በዚያው በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ እነዚህ መድኃኒቶች የሕመሙን ምልክት ለጊዜው ያቃልላሉ እንጂ የሕዋሳቱን ሞት አያቆሙም። ሁለተኛ፣ መድኃኒት የሆነው ተለይቶ የተመጠነው ውሁድ እንጂ ተክሉ እንዳለ አይደለም፤ ባቄላው ራሱ ገዳይ ነው። በየመንደራችን የሚበቅለው አስተናግር (አጤ ፋሪስ) ደግሞ በውስጡ ያለው አትሮፒንና ስኮፖላሚን የአሴታይልኮሊንን ሥራ ስለሚያግድ፣ ሰውን ያስቀባጥራል፣ ያስረሳልም። ስሙም ይህንኑ ይመሰክራል። የጊንኮ ቅጠል እንኳ ከ3,000 በሚበልጡ አረጋውያን ላይ ተሞክሮ፣ በ2008 በወጣው ውጤት በሽታውን እንደማይከላከል ታውቋል። ጥቁር አዝሙድም ይህን በሽታ እንደሚፈውስ በሰው ላይ አልተረጋገጠም።

ስለዚህ ስለ ኢንዛይም ስናስተምር ይህን ምሳሌ ብናነሣ ትምህርቱ ከቤት ጋር ይገናኛል። አያቱ መርሳት የጀመሩበት ተማሪም ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል። የቪታሚን ቢ12 እጥረትን ወይም የእንቅርት ዕጢ ሕመምን የመሰለ ሊታከም የሚችል ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ፤ በቤት የሚጠጣውንም ዕፅ ለሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር።