ሚስማር የሌለበት በርጩማ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትርፍ ጊዜውን በምን ያሳልፋል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ኳስ፥ ቼዝ፥ ቲያትር ወይም ክርክር የሚል መልስ ይገኛል፤ መጋዝና መሮ የሚል ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከመካከላችን አንዱ እንጨት ሲልግ ቢታይ፥ «ትምህርቱን ተወው እንዴ?» መባሉ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእጅ መሣሪያ የቤት ዕቃ መሥራት ጡንቻን ብቻ ሳይሆን አእምሮን የሚያሠራ ጨዋታ መሆኑን ማስረዳት ነው። ለማስረጃም ቀላሉን ዕቃ፥ በርጩማን እንወስዳለን።

በመጀመሪያ የእንጨቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ክረምት ሲገባ እርጥበት ይጠጣል፤ በጋ ሲሆን ይተፋዋል። ነገሩን ለመረዳት አንድ እስር ስንደዶ ውሃ ውስጥ ብንነክር፥ እያንዳንዱ ዘንግ በመጠኑ ስለሚያብጥ እስሩ ይወፍራል፤ ርዝመቱ ግን ያው የነበረው ነው። እንጨትም የተሠራው እንዲህ ካሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ስለሆነ፥ በጎኑ ይሰፋል ይጠባል፤ በቁመቱ ግን ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እርጥብ ግንድ እስኪደርቅ ድረስ፥ በቀለበቶቹ ዙሪያ ከመቶ 8 እጅ ያህል ሊጠብ ይችላል፤ ከመኻል ወደ ልጡ ግን የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ሳንቃ የሚጣመመው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ አብዝቶ ስለሚሰነጠቅ ለዕቃ ያስቸግራል፤ ዋንዛ ግን ረጋ ያለና ለመላጊያ የሚመች ስለሆነ አናጢዎች ይወዱታል።

እንግዲህ ሚስማር ለምን ይላላል? ሚስማር የሚጸናው ወደ ጎን የተገፋው የእንጨት ቃጫ መልሶ ስለሚጨብጠው ነው። እንጨቱ በየወቅቱ እየሰፋና እየጠበበ ሲነቀንቀው ጭብጡ ይፈታል፤ ወንበሩም ማቃሰት ይጀምራል።

የቀደሙት አናጢዎች መልስ ምላስና ቀዳዳ ነው። የአንደኛው እንጨት ጫፍ ከሁለት ወገን ተመግዞ እንደ ምላስ ይቀራል፤ በሌላው እንጨት ላይ ለእርሱ ልክ የሆነ ቀዳዳ በመሮ ይፈለፈላል። የምላሱ ውፍረት የእንጨቱ ሢሶ ያህል ነው፤ ለምን ቢሉ፥ ከዚያ ቢወፍር የቀዳዳው ግድግዳ ይሳሳል፥ ቢቀጥን ደግሞ ምላሱ ይሰበራል። ኮላ በተቆረጠ ጫፍ ላይ ደኅና አድርጎ አይዝም፤ በእንጨቱ ጎን ላይ ግን አጥብቆ ይይዛል፤ ምላሱም የሚሰጠው ይህንኑ ጎን ነው። በ1915 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1922) ግብፅ ውስጥ በተገኘው በንጉሥ ቱታንክሃሙን መቃብር፥ በዚህ ዘዴ የተጋጠሙ ወንበሮችና አልጋዎች ከ3,300 ዓመት ያህል በኋላ ሳይፈርሱ ተገኝተዋል።

የጅማ ባለሙያዎች ደግሞ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ፈትተውታል። ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ ጠርበው ስለሚያወጡት፥ የሚላላ መጋጠሚያ ጨርሶ የለውም። ሦስት እግር ለምን ሆነ ለሚል፥ መልሱ ጂኦሜትሪ ነው፤ ሦስት ነጥቦች ምን ጊዜም በአንድ ገጽ ላይ ያርፋሉ፥ አራተኛው ግን ላያርፍ ይችላል። ስለዚህ ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ ባለ አራቱ ሲወዛወዝ ባለ ሦስቱ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል።

ሥራውን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መጋዝ፥ መላጊያ፥ ሁለት መሮ፥ መዶሻ፥ ስኳድራና መሳያ ድንጋይ ይበቃሉ፤ ሦስት ጓደኞች ቢያዋጡ ደግሞ ሸክሙ ይቀላል። ከሁሉ አስቀድሞ መሳልን መማር ይገባል። የመላጊያና የመሮ ስለት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ተደርጎ ይሳላል። የደነዘ መሣሪያ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ በጉልበት ሲገፉት አምልጦ እጅን ይመታልና። ሲልጉም የቃጫውን አቅጣጫ መከተል ነው፤ የድመት ጠጉር ወደ ኋላ ቢደባብሱት እንደሚቆም፥ እንጨትም አቅጣጫው ሲጣስ ይቦጨቃል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ ልብሱን ለውጦ ከዲግሪ ጋር ይኖራል። ከገበሬ ቤት የመጣን ተማሪዎች ሞፈርና ቀንበር በአባቶቻችን እጅ ሲጠረብ አይተናል። የትኛው ዛፍ ለሞፈር እንደሚሆን፥ በየትኛው ወገን እንደሚጠረብ ያውቃሉ፤ እኛ ግን ይህን ዕውቀት ከትምህርት አንቆጥረውም። በመጽሐፍ ያልተጻፈ ዕውቀት ሁሉ ድንቁርና ከመሰለን፥ የተማርነው ከወገናችን ለመራቅ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

የጥበባት ተማሪ እንደ መሆኔ አንድ ነገር ልጨምር። ደካማ ድርሰት በረዣዥም ቃላት አጊጦ ሊያልፍ ይችላል፤ 90 ዲግሪ መሆን ሲገባው 85 የሆነውን ማእዘን ግን ማንም ተናጋሪ በንግግር አያቃናውም፤ ስኳድራው ወዲያው ይመሰክርበታል። ለንግግር ሰዎች እንዲህ ያለ ዳኛ ያስፈልገናል። ስለዚህ በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ፥ በየሰፈራችን ወዳለው አናጢ ቀርበን «ጋሼ፥ መሮ አሳሳል ያሳዩኝ» ብንል፥ ክብራችን የሚቀንስ አይምሰለን።