ቢሮ ሲዘጋ የሚጀምር ሥራ

ገንዘብ ወጥቶባቸው ሥራ ፈትተው የሚያድሩ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ተባብረው ምን ሊሠሩ ይችላሉ?

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በቀን ስምንት ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራ ሰው ኮምፒውተሩን የሚፈልገው ለ40ው ብቻ ነው። በቀሪው 128 ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ያለው ማሽን ጌታ የለውም። መቶ ኮምፒውተር ባለው መሥሪያ ቤት ይህ በየሳምንቱ 12,800 ሰዓት ይሆናል። በሥራ ሰዓትም ቢሆን ደብዳቤ የሚጻፍበት ማሽን ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ባለሙያዎች ዲስትሪቢዩትድ ኮምፒዩቲንግ የሚሉት ዘዴም ይኸው ነው፤ አንዱን ከባድ ስሌት ቆራርጦ ለብዙ ኮምፒውተሮች ያድላል፣ ውጤቱንም መልሶ ይሰበስባል።

የተፈተነ መንገድ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ኮንዶር የተባለውን ሶፍትዌር ሥራ ላይ አዋሉ። ኮንዶር ባለቤቱ ትቶት የሄደውን ኮምፒውተር ፈልጎ ሥራ ይሰጠዋል፤ ባለቤቱ ተመልሶ ኪቦርዱን ሲነካ ደግሞ ማሽኑን ይለቅለታል። ዛሬ ኤችቲኮንዶር በሚል ስም በነፃ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሴቲ አት ሆም የተባለውን ፕሮጀክት ጀመረ፤ ከምድር ውጪ ያለ ሕይወት ምልክት ለመፈለግም በጊዜ ሂደት ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን አዋሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሳ ደግሞ የፕሮቲኖችን አተጣጠፍ የሚያጠናው ፎልዲንግ አት ሆም በበጎ ፈቃደኞች ማሽኖች ከአንድ ኤክሳፍሎፕ አለፈ። ይህም በሰከንድ ከአንድ ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ስሌት ማለት ነው።

ለእኛ የሚቀርብም አለ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረተው ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ የተባለ የዚሁ ዓይነት መረብ ከሰሃራ በታች ያለውን የአፍሪካ ዝናብ በአንድ ኪሎ ሜትር ጥራት የሚያሰላ ፕሮጀክት አስተናግዷል። ገበሬው ሰማይ እያየ ለሚዘራበት አገር የዚህ ጥቅም ማብራሪያ አያሻውም።

ለማን ይበጃል?

የአኒሜሽን ስቱዲዮ ፊልሙን ምስል በምስል አከፋፍሎ ማዘጋጀት ይችላል፤ ለዚህ ብሌንደር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር የሚሠራ ማንኛውም ስቱዲዮ ፍላሜንኮ የተባለውን ሥራ አከፋፋይ ፕሮግራም መጠቀም ይችላል። የምሕንድስና አማካሪ አንድን ሕንፃ በመቶ ዓይነት ጭነት ሊፈትን፣ ባንክ የብድር ስጋቱን በሺህ ግምቶች ሊመዝን ይችላል። እነዚህ ሁሉ አንዱ ቁራጭ ሌላውን ሳይጠብቅ የሚያልቅባቸው ሥራዎች ናቸው። እያንዳንዱ እርምጃ የቀደመውን ውጤት የሚፈልግበት ስሌት ግን ቢከፋፈልም አይፈጥንም። የደንበኞች ምስጢር ያለበት መረጃም ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ መውጣት የለበትም።

ወጪ የለውም ማለት አይደለም። በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ኮምፒውተር ሥራ ከፈታው የበለጠ መብራት ይበላል፣ ይሞቃልም። ስለዚህ የሚሠራበት ሰዓትና የሚጠቀምበት አቅም ይገደብ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የደረሱበትን በየጊዜው ስለሚመዘግቡ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሥራው ከዜሮ አይጀምርም።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ያለ ፈቃድ ጭኗል ተብሎ በወንጀል ተከሶ ነበር። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2002 በስምምነት ሲዘጋ የአንድ ዓመት የአመክሮ ጊዜ፣ 2,100 ዶላር ካሳና 80 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተጥሎበታል። ሠራተኛ ተደብቆ ሲያደርገው ጥፋት የሚሆነው፣ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ሲወስነው ሀብት ይሆናል።

እንግዲህ ሥራ አስኪያጆች ሆይ፣ የቀጣዩን ሰርቨር ግዢ ከመፈረማችሁ በፊት የአይቲ ክፍላችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ በአሥር ኮምፒውተሮች ለአንድ ወር ይሞክር፣ የተጠናቀቀውን ሥራና የመብራት ሂሳቡን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳያችሁ። ግዢውን ከዚያ በኋላ ወስኑ።