በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ሕግና ገጽ ስለ መለየታቸው

ሰው ገንዘቡን በባንክ መስኮት ፊት ቆሞ ቢጠይቅ፣ ከኤቲኤም ላውጣ ቢል፣ ወይም በእጁ ስልክ ለሌላ ላስተላልፍ ቢል፣ የሚያየው ገጽ ሦስት ዓይነት ሆኖ ሳለ ፍርዱ አንድ ነው፤ በሒሳቡ ካለው በላይ የጠየቀ እንደ ሆነ በሦስቱም ደጅ ይከለከላል። ይህ አንድነት የሚጸናው ክልከላው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ስፍራ፣ ከገጾቹ ሁሉ በስተኋላ የተጻፈ ሲሆን ነው፤ ፕሮግራመሩ ሕጉን በየገጹ ቁልፍ ሥር ሸሽጎ የጻፈው እንደ ሆነ ግን፣ ሕጉ በተሻሻለ ቀን አንዱ ገጽ በአዲሱ ሲፈርድ ሌላው በአሮጌው ሲፈርድ ይገኛል።

ይህን መለየት በሥርዓት ከደነገጉት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ ናቸው። እኒህ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል በእንግድነት ሲሠሩ፣ ስሞልቶክ በተባለው ቋንቋ የሚጻፈውን ፕሮግራም በሦስት ወገን ከፈሉት፤ መረጃውንና ሕጉን የሚይዘውን ሞዴል፣ ያንን ለዓይን የሚገልጠውን ቪው፣ ከሰው እጅ የሚመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያደርሰውንም ኮንትሮለር አሉት። ዓላማቸውም ብዙና ውስብስብ መረጃ የያዘ ሰው ያንኑ አንዱን ነገር ከልዩ ልዩ አቅጣጫ እየተመለከተ፣ በኅሊናው እንዳሰበው ይገዛው ዘንድ ነበር።

የጥበቡ ምሥጢር ከክፍሎቹ ቁጥር ይልቅ ማን ማንን ያውቃል በሚለው ላይ ነው። ገጹ ሕጉን ያውቃል፣ ሕጉ ግን በየትኛው ገጽ እንደሚገለጥ አያውቅም፤ ስለዚህም ገጹ ፈርሶ በሌላ ቢተካ ሕጉ አይናወጥም፣ የሕጉም ትክክለኛነት አንድ ገጽ እንኳ ሳይከፈት ሊፈተን ይችላል።

ይሁን እንጂ ድንበሩን ለይቶ ማስመር ማስተዋልን ይሻል። የብድር መክፈያ ዕለት በፕሮግራሙ ውስጥ ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ የተቆጠረ ቁጥር ሆኖ ቢቀመጥ፣ ያው ቁጥር ለአንዱ መስከረም 1 ቀን 2017፣ ለሌላው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ተብሎ ሊታየው ይችላል፤ ወለዱ በቀን የሚታሰብ ከሆነም ዕዳው በሁለቱም ዘንድ አንድ ነውና ዘመን አቆጣጠሩ የገጽ ጉዳይ ብቻ ነው። ውሉ ግን ወለዱ በኢትዮጵያ ወር ይታሰብ ብሎ ያዘዘ እንደ ሆነ፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም የሚለው ጥያቄ የተበዳሪውን ኪስ ይነካል፤ ያን ጊዜ ዘመን አቆጣጠሩ ራሱ ከገጽነት ወደ ሕግነት ይሻገራል።

እንግዲህ ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ቢለወጥ የሚለወጠው መልኩ ነው ወይስ ፍርዱ ብሎ ነው፤ ፍርዱን የሚለውጠውን ሁሉ ከገጹ አርቆ በሕጉ ስፍራ ያኖረ ሰው፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሠራተኛም ሆነ በፕሮግራሙ አምኖ ገንዘቡን ላስቀመጠው ሕዝብ ታማኝ ሆኖ ይገኛል።