ግራ ታኬታው የት ገባ?

አዲስ አበባ ላይ «ጋራዥ ልሄድ ነው» ያለ ሰው መኪናው ተበላሽቶበታል ማለት ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ግን ጋራዥ ለመኪና ማደሪያ ተብሎ ከቤቱ ጋር የተሠራ ክፍል ነው። መኪናው ግን ብዙ ጊዜ ውጭ ያድራል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ32 ቤተሰቦችን ኑሮና ንብረት ለዓመታት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ከአራት ጋራዦች ሦስቱ በዕቃ ከመታጨቃቸው የተነሳ መኪና እንደማያስገቡ ጽፈዋል።

ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ የስፖርት ዕቃው ብቻውን ጥግ ይሞላል። ደግሞም እንደ ካርቶን ተደራርቦ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ኳስ ይንከባለላል፣ ራኬት ይንሸራተታል፣ ግድግዳ ያስደገፉት ብስክሌት ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ቅዳሜ ጠዋት ጨዋታው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ማሊያው ተለብሷል፣ ውሃው ተቀድቷል፣ ቀኝ ታኬታው በእጅ ነው፣ ግራው የለም።

«እማዬ፣ አንዱ እግር የለም!»

«ትናንት የት አወለቅከው?»

የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ልጁ ትናንት ደክሞት፣ እግሩ በጭቃ ተለውሶ ሲገባ፣ ጫማውን የሚያኖርበት የታወቀ ቦታ አልነበረም። ብዙ ቤተሰብ መደርደሪያ ሲገዛ ዕቃው ሲወጣ እንዴት እንደሚቀል ያስባል። ሊታሰብበት የሚገባው ግን ዕቃው የሚመለስበት ሰዓት ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለ ሰው መደርደሪያ ከመግዛቱ በፊት ብሔራዊው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ጎራ ቢል ጥሩ ትምህርት ያገኛል። የዝነኛዋ የምግብ ባለሙያ የጁሊያ ቻይልድ ወጥ ቤት እንደነበረ ተነስቶ እዚያ ቆሟል። ግድግዳው ላይ መጥበሻዎቿ የሚንጠለጠሉበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ አለ፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽም ዙሪያውን ተስሎበታል። መጥበሻው ከተነሳ የቀረው ሥዕል ምን እንደጎደለ ይናገራል። ይህንኑ ጋራዥ ውስጥ በአንድ ማርከር መሥራት ይቻላል። የራኬቱ፣ የሄልሜቱ፣ የኳስ መንፊያው ቅርጽ ግድግዳው ላይ ከተሳለ፣ ገና ማንበብ ያልጀመረ የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ የቱ የት እንደሚገባ አይጠፋውም። አዲስ አበባ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን አሠራር ካይዘን ከሚባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ያውቀዋል። የካይዘን የመጀመሪያ እርምጃ ደግሞ ማጣራት ነው፤ የማያስፈልገው ዕቃ ሳይወጣ ለሚያስፈልገው ቦታ አይገኝም።

ከፍታውም ወሳኝ ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ ሄልሜት የሚሰቀልበት ምስማር በልጁ ትከሻ ልክ መሆን አለበት፤ በአባትየው ትከሻ ልክ ከተመታ ሄልሜቱ መሬት ላይ ያድራል። ለኳስ ክዳን ያለው ሳጥን አይሆንም። ክዳን መክፈት አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው፣ ልጅ ደግሞ ከሩቅ ወርውሮ ማስገባት ይወዳል። አፉ ሰፊ የልብስ ቅርጫት ወይም የመረብ ከረጢት ይበቃል። የአባት ዳምቤል ግን ከመሬት አይነሳ፤ ከላይ መደርደሪያ የወደቀ ክብደት ልጅ ይጎዳል።

ብስክሌት የሚሰቅል ሰው ከመብሳቱ በፊት ግድግዳውን ይፈትሽ። የአብዛኛው የአሜሪካ ቤት ግድግዳ ፊቱ ጅብሰም ቦርድ፣ ከኋላው የእንጨት ቋሚ ነው። ቋሚዎቹ ብዙ ጊዜ በየ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆማሉ። ብሎኑ ጅብሰሙን ብቻ ከያዘ ብስክሌቱ ግድግዳውን ቦድሶ ይወርዳል። ትንሽ ማግኔት ግድግዳው ላይ ሲጎተት ቦርዱ ከእንጨቱ ጋር የታሰረበት ብሎን ላይ ይጣበቃል፤ ቋሚው እዚያ ነው።

ክረምት ሲገባ ሌላ ነገር ይመጣል። ልጁ «ኳሱ ተበሳ» ይላል፣ አዲስ ይገዛል፣ አሮጌው ይጣላል። ብዙ ጊዜ ግን አልተበሳም። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሳሎን ውስጥ በ0.8 አትሞስፌር የተነፋ ኳስ፣ 0 ዲግሪ በሆነ ጋራዥ ሲያድር ወደ 0.67 ይወርዳል። የእግር ኳስ ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ትንሽ የላላ ኳስ በብርድ ከሕጉ በታች ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በአሜሪካ ፉትቦል የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ኳሶች ግፊታቸው ጎድሎ ተገኝቶ የቡድኑ ተጫዋች ቶም ብሬዲ አራት ጨዋታ ሲታገድ፣ የፊዚክስ ሰዎች ያነሱት ክርክር ይኸው ነበር፤ ኳስ ሞቃት ክፍል ውስጥ ተለክቶ ብርድ ሜዳ ሲወጣ ግፊቱ በራሱ ይወርዳል። ኳሱን ሳሎን አሳድሮ ማየት ምንም አያስወጣም።

ጭቃ የበላው ታኬታ ደግሞ ማሞቂያ አጠገብ አይደርቅም፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያስለቅቃል። ማሰሪያው ተፈትቶ፣ ጋዜጣ ተጨምቆ ውስጡ ይግባ፣ ጋዜጣው ሲርስ ይለወጥ። እርጥብ ማሊያና የቅልጥም መከላከያ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ካደረ ሽታ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፣ የቆዳ በሽታም ሊያስከትል ይችላል። ሄልሜት ከቤንዚንና ከቀለም ቆርቆሮ ይራቅ። በውስጡ ያለውን ስፖንጅ መሰል ነገር የቤንዚን ትነት ሊያዳክመው ይችላል፤ ከላይ ግን ምንም አይታይበትም። አንዴ ወድቆ ጭንቅላት ያዳነ ሄልሜት ሥራውን ጨርሷል፣ ይጣላል።

ማጣራቱ ላይ የሚወጣው ግን ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ከስምንት ዓመት በታች በ3 ቁጥር ኳስ የተጫወተ ልጅ ወደ 4 ቁጥር፣ 13 ሲሞላው ወደ 5 ቁጥር ይሸጋገራል፤ የቀሩት ኳሶችና የጠበቡት ታኬታዎች ጋራዥ ውስጥ ይከማቻሉ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ባለ ጊዜ እነዚህ ለብቻቸው በአንድ ካርቶን ተዘጋጅተው ቢጠብቁት የ23 ኪሎው ሻንጣ ብዙ ይይዛል። ኳሱ መርፌ ገብቶ ይተንፍስ፣ እንደ ሳህን ጎድጉዶ ይታጠፍ፣ በልብሶቹ መካከል ይግባ፤ ታኬታው ውስጥ ካልሲ ይጠቅጠቅበት። መንፊያውና ሁለት ሦስት መርፌ አብረው ይሂዱ፤ ሰፈር ውስጥ ኳሱን ይዞ መርፌ ያጣ ልጅ ብዙ ነውና።