ቦርጭና ወንድነት

ገበሬያችን ፍየል ወይም በግ የሚያኰላሸው ለምን እንደ ሆነ አሳምሮ ያውቃል። የተኰላሸው እንስሳ መዋጋትና እንስት መከተል ትቶ ይረጋጋል፤ ይሰባል፤ ሙክት ይባላል። ቆለጥ ሲጠፋ ስብ እንደሚበዛ ማንም አይስተውም። የነገሩ ሌላው ፊት ግን፣ ይኸውም የሆድ ስብ በተራው የወንዱን የቆለጥ ሥራ ማድከሙ፣ የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው። ቀኑን በወንበር ላይ ለሚያሳልፍ ተማሪና የቢሮ ሠራተኛ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1849 ዓ.ም. በጀርመን አገር በጐቲንገን ከተማ አርኖልድ በርትሆልድ የተባለ ሊቅ የአውራ ዶሮዎችን ቆለጥ አወጣ። ዶሮዎቹ መጮኽና መዋጋት ተዉ፤ በአናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ሟሸሸ። ቆለጥ በሆዳቸው ውስጥ መልሶ ያኖረላቸው ግን እንደ ቀድሞው ኰሩ። ሊቁም ከቆለጥ የሚመነጭ አንድ ነገር በደም አማካይነት በሰውነት ሁሉ እንደሚዳረስ ተረዳ። ያ ነገር በ1935 በአምስተርዳም ከኰርማ ቆለጥ ተጣርቶ ወጣና ቴስቶስቴሮን ተባለ።

ስብም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ከቆዳ ሥር የሚተኛው አለ፤ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸውም አለ። ጉዳት የሚበዛው ከሁለተኛው ነው። ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ብቻ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በ1994 በኒው ዮርክ ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ሲገኝ ስብ ራሱ እንደ እጢ ሆርሞን እንደሚያመነጭ ታየ። የሆድ ስብ ሲበዛ ሴሎቹ ያብጣሉ፤ ነጭ የደም ሴሎችም ይሰበሰቡበታል። በዚህ ጊዜ ብግነት ይነሣል። ትኩሳትና ሕመም ስለሌለው ባለቤቱ አያውቀውም፤ እንደ ረመጥ ውስጥ ለውስጥ ይፋጃል።

ይህ ስብ ወንዱን የሚጐዳው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በስቡ ውስጥ አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ስላለ ቴስቶስቴሮኑን ወደ ሴት ሆርሞን፣ ወደ ኤስትሮጅን፣ ይለውጠዋል። ሁለተኛ፣ ከብግነቱ የሚወጡት ንጥረ ነገሮች በደም ወደ አንጐል ደርሰው ለቆለጥ የሚተላለፈውን ትእዛዝ ያዳክማሉ። ሦስተኛ፣ ሆርሞኑን የሚሠሩትን የቆለጥ ሴሎች ራሳቸውን ያደክማሉ። ቴስቶስቴሮን ሲያንስ ደግሞ ጡንቻ ይቀንሳል፤ ቦርጭም ይብስበታል። አንዱ ሌላውን እየጐተተ ይዞራል ማለት ነው።

ሆኖም ይህ ክብ ሊሰበር ይችላል። በ8 የአውሮፓ ከተሞች ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ከክብደታቸው 15 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት ሰዎች ቴስቶስቴሮናቸው ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ይህም 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 13 ኪሎ ተኩል ያህል ነው።

አቋራጭ ፈልጎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሆርሞን የሚወጋ ሰው ግን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ከውጭ የገባውን ሆርሞን ያየ አንጐል «በቂ አለ» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል፤ ቆለጥም ዘር ማፍራት ይተዋል። ወንድነቴን አበረታለሁ ያለው ሰው ልጅ መውለድ ያቅተዋል። ድካምና የፍላጎት ማነስ ከሌላ በሽታም ሊመጡ ስለሚችሉ የሚበጀው በጧት ደም ሰጥቶ በሐኪም መመርመር ነው።

የዓለም አቀፍ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ለአውሮፓ ወንዶች የወገብ ወሰን 94 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ወስኗል፤ ከሰሐራ በታች ላሉ አፍሪካውያንም የራሳቸው ልክ እስኪገኝ ድረስ በዚሁ እንዲሠሩ መክሯል። ቦርጭ የድሎትና የሹመት ምልክት ሆኖ መቈጠሩ በብዙዎቻችን ዘንድ አልቀረም። እንግዲህ ሹመት ያገኘ ወጣት ሱሪውን እንዲያሰፋለት ለልብስ ሰፊ ከመስጠቱ በፊት፣ በዚያው በሰፊው ሜትር ወገቡን ያስለካ።