ክራፒ ለማጥመድ የሚጀምሩ ሰዎች ከቀለም በፊት ክብደትን ማሰብ ያለባቸው ለምንድን ነው?

በአሜሪካ ወደ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃዎች መደብር የገባን ጀማሪ በመጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው ቀለም ነው። ሮዝ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ፣ ጥቁርና ደማቅ ቢጫማ አረንጓዴ የሆኑ፣ ከጣት የማይበልጡ የላስቲክ ማባበያዎች ግድግዳው ላይ ተደርድረው ይጠብቁታል።

ከአጠገባቸው የሚሸጡት ክብደት ያላቸው ትንንሽ መንጠቆዎች ግን እምብዛም ትኩረት አይስቡም። ይሁንና ማባበያው ዓሣው ካለበት ጥልቀት መድረስ አለመድረሱን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ከዚህም በላይ የሚሠሩበት ብረት በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ እስከ መከልከል የደረሰ ጉዳይ ሆኗል።

ለመሆኑ ጀማሪው ምን መርጦ ቢገዛ ይሻላል?

ክራፒ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ክራፒ የሰሜን አሜሪካ የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ነው። ጎንና ጎኑ ጠፍጣፋ፣ የጀርባው ክንፍ እሾሃማ በመሆኑ፣ ዝምድና ባይኖራቸውም በኢትዮጵያ ሐይቆች የሚታወቀውን ቆሮሶ ለሚያውቅ ሰው ቅርጹ እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለት ዝርያዎች አሉት፤ ነጭ ክራፒና ጥቁር ክራፒ። ነጩ ደፍረስ ያለ ውሃን የተሻለ ሲቋቋም፣ ጥቁሩ ጠራ ያለና ዕፅዋት የበዛበትን ውሃ ይመርጣል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ነው። በክብረ ወሰንነት የተመዘገቡት ግን ከዚህ እጅግ ይልቃሉ። በአውሮፓውያኑ 1957 በሚሲሲፒ ግዛት የተያዘው ነጭ ክራፒ 2.35 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በ2018 በቴነሲ የተያዘው ጥቁር ክራፒ ደግሞ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝኑ ነበር።

ጀማሪው ስለዚህ ዓሣ ሁለት ነገሮችን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። አንደኛው፣ የክራፒ ዓይኖች ወደ ላይኛው የጭንቅላቱ ክፍል የተጠጉ፣ አፉም ወደ ላይ የዞረ መሆኑ ነው። በመሆኑም የሚመገበው በአብዛኛው ከበላዩ ያለውን ነው፤ ከበታቹ የሚያልፈውን ማባበያ ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም።

ሁለተኛው፣ የአፉ ሥጋ እንደ ወረቀት የሳሳ መሆኑ ነው። በኃይል የሚስበው ዓሣ አጥማጅ አፉን ቀድዶ ዓሣውን ያጣዋል።

ክብደት የሚወስነው ምንድን ነው?

'ጂግ ሄድ' የሚባለው፣ ክሩ በሚታሰርበት ጫፍ ላይ ቀልጦ የተጣበቀ ትንሽ የብረት ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ነው። የላስቲኩ ማባበያ በመንጠቆው ላይ ይሰካል፤ የብረቱ ክብደት ደግሞ ወደ ታች ያወርደዋል።

ለክራፒ የተለመዱት ክብደቶች ሦስት ናቸው፤ 1/32 አውንስ ወይም 0.9 ግራም ገደማ፣ 1/16 አውንስ ወይም 1.8 ግራም ገደማ፣ እንዲሁም 1/8 አውንስ ወይም 3.5 ግራም ገደማ።

ቀላሉ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ዓሣው በጸደይ ወራት የውሃው ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር በሚጠጋበት ወቅት፣ ለዝቅተኛ ጥልቀት ይመረጣል። ከባዱ ደግሞ ነፋስ ሲኖር፣ ውሃው ሲፈስ ወይም ዓሣው ወደ ጥልቁ ሲወርድ ያገለግላል።

ለጀማሪ መካከለኛው፣ ማለትም 1/16 አውንሱ፣ ጥሩ መነሻ ነው። ይህ ክብደት በቀጭን ክር ሲታሰር በሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል ተብሎ ይገመታል። የክሩ ውፍረትና የማባበያው ቅርጽ ግን ፍጥነቱን ይለውጡታል።

ልምድ ያላቸው ዓሣ አጥማጆች በዚህ ስሌት ይጠቀማሉ። ማባበያው ውሃውን ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ይቆጥራሉ። በስድስተኛው ሰከንድ ዓሣ ከነከሰ፣ በቀጣዩ ውርወራ እስከ አምስት ወይም ስድስት ቆጥረው መሳብ ይጀምራሉ። በዚህም ማባበያው በዓሣው ልክ ወይም ጥቂት ከበላዩ እንዲያልፍ ያደርጋሉ።

መቁጠር የማይፈልግ ጀማሪ ተንሳፋፊ ምልክት መጠቀም ይችላል። ከምልክቱ እስከ መንጠቆው ያለው የክር ርዝመት ጥልቀቱን ስለሚወስንለት፣ የእርሱ ሥራ ርዝመቱን እየለዋወጠ መሞከር ብቻ ይሆናል።

ቀለም በውሃ ውስጥ ምን ይሆናል?

በመደብሩ መብራት ሥር የሚታየው ቀለም ውሃ ውስጥ እንዳለ አይቆይም። በጠራ ውሃ ውስጥ ቀይ ብርሃን ከሌሎቹ ቀድሞ ይዋጣል፤ ቀይ ማባበያም በጥልቀት እየጠቆረ ይሄዳል። ሰማያዊ ብርሃን በአንጻሩ ርቆ ይጓዛል። ከቅጠልና ከዕፅዋት በሚወጣ ንጥረ ነገር ሻይ በመሰለ ውሃ ውስጥ ግን ሁኔታው ይገለበጣል፤ ሰማያዊው ቀድሞ ይጠፋል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት የውሃው ጥራት ነው። ልዩነቱን ለመረዳት በአርባ ምንጭ አቅራቢያ የሚገኙትን ሁለት ጎረቤት ሐይቆች ማሰብ በቂ ነው። አባያ በውስጡ በሚንሳፈፈው ደለል ምክንያት ቀይ ቡናማ መልክ ሲኖረው፣ ጫሞ በንጽጽር የጠራ ነው። ክራፒ በሁለቱም ባይኖርም፣ ለአንዱ የሚስማማ ቀለም ለሌላው ላይስማማ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የተለመደው ምክር እንዲህ ነው። ውሃው ጠርቶ ፀሐይ ካለ፣ ትንንሽ ዓሦችን የሚመስሉ ነጭ፣ ግራጫ ወይም ብርሃን አስተላላፊ ማባበያዎች ይመረጣሉ። ውሃው ከደፈረሰ ቢጫማ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ የተሻለ ይታያል። ሲመሽ ወይም ሰማዩ ሲጨልም ደግሞ ጥቁር ማባበያ ከላይ በሚመጣው ብርሃን ላይ እንደ ጥላ ጎልቶ ይታያል።

ዓሣው ቀለምን ይለያል?

የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያኑ 2019 በታተመ ጥናት፣ ከክራፒ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደበውን ላርጅማውዝ ባስ የተባለ ዓሣ ፈትነው ነበር። ዓሦቹ አንድን ቀለም ሲመርጡ ምግብ እንደሚያገኙ እንዲለምዱ ተደረገ፤ ከዚያም ያንን ቀለም ከሌሎች ለይተው ማወቃቸው ታየ።

ዓሦቹ ቀይንና አረንጓዴን በሚገባ ለዩ። ቢጫማ አረንጓዴን ከነጭ፣ ሰማያዊን ከጥቁር መለየት ግን አዳገታቸው።

ጥናቱ የተካሄደው በክራፒ ላይ ባለመሆኑ ውጤቱን እንዳለ ወስዶ ለክራፒ ማዋል አይቻልም። ሆኖም ለሰው ዓይን የሚለያዩ ሁለት ማባበያዎች ለዓሣ ዓይን አንድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሳያል። ሃያ ቀለም ከመግዛት አንድ ፈዛዛ፣ አንድ ደማቅና አንድ ጥቁር ይዞ መጀመር የሚበቃውም ለዚህ ነው።

የእርሳስ ጉዳይ

አብዛኞቹ ርካሽ ጂጎች የሚሠሩት ሊድ ተብሎ ከሚታወቀው ከእርሳስ ብረት ነው። እርሳስ ከባድ፣ ርካሽና በቀላሉ የሚቀልጥ ነው፤ መርዛማም ነው።

በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የሚኖረው ሉን የተባለ ጠላቂ ወፍ ምግቡን ለመፍጨት ጠጠር ይውጣል። ከጠጠሩ ጋር የወደቀ እርሳስ ሲውጥ፣ ወይም መንጠቆ የዋጠ ዓሣ ሲበላ፣ ብረቱ በሆዱ ውስጥ እየሟሟ ወደ ደሙ ይገባል። አንዲት ትንሽ ጂግ አንድን ወፍ በሳምንታት ውስጥ ልትገድል ትችላለች።

በዚህ ምክንያት የማሳቹሴትስ ግዛት ከ2012 ጀምሮ፣ ከአንድ አውንስ በታች የሆኑ የእርሳስ ጂጎችንና ማስጠሚያዎችን በውስጥ ውሃዎቹ መጠቀምን ከልክሏል። ኒው ሃምፕሻየርም ከ2016 ጀምሮ አንድ አውንስና ከዚያ በታች የሚመዝኑትን ከሽያጭም ከአጠቃቀምም አግዷል። ለክራፒ የሚያገለግሉት ጂጎች በሙሉ ከዚህ ክብደት በታች ናቸው።

ጉዳዩ የወፎች ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያስከትልም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይገልጻል፤ ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑትም ሕፃናት ናቸው። የእርሳስ ማስጠሚያን በጥርስ ነክሶ ክር ላይ ማጥበቅ፣ እጅ ሳይታጠቡ መብላት፣ ወይም እርሳስን በቤት ውስጥ አቅልጦ ጂግ መሥራት አደጋ አለው።

ተተኪዎቹ ተንግስተን፣ ቢስሙዝና ቆርቆሮ ናቸው። ተንግስተን ከእርሳስ ይልቅ እፍጋቱ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ጂግ በመጠን አነስ ይላል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። ቆርቆሮ በተቃራኒው ቀለል ስለሚል ጭንቅላቱ ተለቅ ይላል።

ከመውጣት በፊት

በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በቨርጂኒያው በርክ ሐይቅ ጭምር፣ ክራፒ ይገኛል። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በመደበኛነት የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የተያዘውን ዓሣ ለመመገብ የሚያስብ ሰው የጤና ማሳሰቢያዎችንም ማየት ይኖርበታል። በዲሲ ውስጥ ከፖቶማክና ከአናኮስቲያ ወንዞች የሚወጣ ዓሣን ስለመመገብ፣ በኬሚካል ብክለት ምክንያት ገደብ የሚያስቀምጥ ማሳሰቢያ አለ።

ቀሪው ቀላል ነው፤ ቀጭን ክር፣ ከእርሳስ ነጻ የሆኑ ጥቂት 1/16 አውንስ ጂጎችና ሦስት ቀለም። ዓሣው አልነክስ ሲል መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ጥልቀቱ ነው፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።